የክብር ቃላት ሒሳብ

በካሊፎርኒያ፣ በፓሳዴና ከተማ ሲቪክ አዳራሽ፣ ማርች 25 ቀን 1983 እ.ኤ.አ. አንድ ትልቅ የሙዚቃ ዝግጅት ተቀረጸ። ሞታውን የተባለው የዲትሮይት ሙዚቃ አሳታሚ 25ኛ ዓመቱን የሚያከብርበት ነበር። ዳያና ሮስ ከቀድሞ የቡድን ጓደኞቿ ጋር መድረክ ላይ ተገናኘች፤ ማርቪን ጌይ ፒያኖ ላይ ተቀምጦ ስለ ጥቁሮች ሙዚቃ ታሪክ አወጋ፤ ቴምፕቴሽንስና ፎር ቶፕስ እየተፎካከሩ ዘፈኑ። ማይክል ጃክሰን ከወንድሞቹ ጋር የልጅነት ዘፈኖቻቸውን ከተጫወተ በኋላ ብቻውን ቀረና «ቢሊ ጂን»ን ያዘ፤ ወደ ፊት የሚራመድ እየመሰለ ወደ ኋላ የተንሸራተተባት ያቺ ዳንስ ዝነኛ የሆነችው በዚህ ዝግጅት ነው። ኤንቢሲ ሜይ 16 አስተላለፈው። ከተቀረጸ ልክ በስድስተኛው ወር፣ ሴፕቴምበር 25፣ በዚያው አዳራሽ የኤሚ ሽልማት ሲሰጥ ዝግጅቱ ከሙዚቃና ከመዝናኛ ፕሮግራሞች አንደኛ ወጣ። በግል ብቃት የታጨው ማይክል ግን ሽልማቱ አለፈው። የተሸለመችው የኦፔራዋ ሊዮንቲን ፕራይስ ናት፤ ከኒው ዮርክ ፊልሃርሞኒክ ጋር በሊንከን ሴንተር ባቀረበችው ኮንሰርት።

ክርክሩ ይኸው አርባ ዓመት አለፈው። አንዱ ወገን «ያንን ምሽት ያየ ዳኛ እንዴት ሌላ ሰው ይመርጣል?» ይላል። ሌላው «ፕራይስ ድምፅ ናት፤ የእሱ እግር ነው» ብሎ ይመልሳል። ሌላው ደግሞ ከነጭራሹ «መታሰቢያ ለሞታውን ተብሎ የሌላ ኩባንያ ዘፈን መዝፈን ምን የሚሉት ክብር ነው?» ሲል ነገሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይወስደዋል። ማን ልክ እንደሆነ ለመፍረድ አልቸኩልም። እኔን የሳበኝ ተከራካሪዎቹ የሚማዘዙባቸው ቃላት ናቸው። ሽልማት፣ መታሰቢያ፣ ክብር፣ እጩ፣ ዳኛ፣ ይገባዋል፤ በእንግሊዝኛውም ትሪቢዩት፣ ፕራይዝ፣ አዋርድ። ሥራቸውን ብንቆፍር አብዛኞቹ የሚያደርሱን ወደ ገበያ፣ ወደ ግምጃ ቤትና ወደ ዕዳ መዝገብ ነው። አድናቂዎች ስለ ጥበብ የሚጨቃጨቁ ቢመስላቸውም ቋንቋው የሚያስጨቃጭቃቸው ስለ ክፍያ ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ «ትሪቢዩት» ነው። ዛሬ ለአንጋፋ ወይም ለሞተ ድምፃዊ የሚዘጋጅ ኮንሰርት ስም ሆኖ አዲስ አበባም ደርሷል፤ በየፖስተሩ እናየዋለን። አባቱ የላቲኑ «ትሪቡቱም» ግን ቀረጥ ነበር። ነገድ ከሚለው «ትሪቡስ» ጋር ይዛመዳል፤ ለየወገኑ ተደልድሎ የሚሰበሰብ ክፍያ። በእንግሊዝኛም መጀመሪያ የገባው የተሸነፈ ለአሸናፊው፣ ትንሹ መስፍን ለትልቁ ንጉሥ የሚገፈግፈው ገንዘብ ሆኖ ነው። የአክብሮት ስጦታ ወደሚለው ትርጉም የተሻገረው በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። መዋጮን የሚጠሩበት «ኮንትሪቢዩሽን»ም የዚያው ቤት ልጅ ነው።

ይህን ያነበበ አማርኛ ተናጋሪ ወዲያው ጆሮው ይቆማል፤ የእኛ «ግብር» ከዚሁ መንገድ ጋር ጎን ለጎን ሄዷልና። በግዕዝ ገብረ ሠራ፣ አደረገ ማለት ነው። ግብር ሥራ ነው፤ በሰሙነ ሕማማት የሚነበበው መጽሐፍ ግብረ ሕማማት የተባለው የዚያን ሳምንት ሥርዓትና ተግባር ስለያዘ ነው። ከዚሁ ግስ ተግባር፣ ግብርና፣ ገበሬ፣ ግብረ ገብ ወጥተዋል። ሠርቶ ያመረተውን ለጌታው የሚያካፍለው ገባር ተባለ፤ የሚያካፍለውም ግብር። (ገቢ ከገባ፣ ግብር ከገብረ ነው፤ በገቢዎች መሥሪያ ቤት ደጃፍ ተጎራብተው ስለምናገኛቸው ወንድማማች ይመስላሉ እንጂ ሥራቸው ለየቅል ነው።) የሚያስደንቀው ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። ይኸው ቃል ዞሮ የንጉሡ ድግስ ስም ሆነ። ግብር አገባ የሚባለው ገባሩ ነው፤ ግብር አበላ የሚባለው ንጉሡ። ምኒልክ በአዲስ አበባው ግቢያቸው ባሠሩት አዳራሽ ሺዎች በየተራ እየገቡ ግብር ይበሉ ነበር። ጠጁ በዋንጫ ይዞራል፣ አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ያወድሳል፣ ጀግናው ይፎክራል። ከየጠቅላይ ግዛቱ በማርና በሰንጋ የገባው፣ በዘፈንና በፉከራ ታጅቦ ተመልሶ ይወጣል። ላቲኑ ከቀረጥ ወደ ክብር ለመሻገር በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ፈጀበት፤ የእኛው ቃል ሁለቱን በአንድ ቤት አኑሯቸዋል።

ይህን ይዘን ወደ «ቢሊ ጂን» ክርክር ብንመለስ መልሱ በከፊል ይቀላል። ማይክል ከሞታውን የወጣው በ1975 ነው፤ ኤፒክ በተባለ ሌላ ኩባንያ ስም ያሳተመው አልበም «ትሪለር» በ1982 መጨረሻ ወጥቶ ገበያውን አጥለቅልቆት ነበር። ለቀድሞ ቤቱ በዓል የአዲሱን ቤት ዘፈን ይዞ መምጣቱን «ይህ ማስታወቂያ እንጂ መታሰቢያ አይደለም» የሚሉ አሉ። በቃሉ ሥር ከሄድን ግን ተሳስተዋል። ገባር የሚያገባው ከራሱ ማሳ ያመረተውን ነው። የጌታውን እህል መልሶ ለጌታው የሚያመጣ ገባር ታይቶ አይታወቅም። በዚያ ምሽት የድሮ ዘፈኖቻቸውን የደገሙት ሁሉ ያሳዩት ትዝታ ነበር፤ ግብር ያገባው ማይክል ነው።

ትዝታ ካልን ወደ «መታሰቢያ» እንሂድ። የግዕዙ ሐሰበ ቆጠረ፣ አሰላ ማለት ነው። የዘመን መቁጠሪያው ትምህርት ባሕረ ሐሳብ የተባለው ለዚህ ነው፤ ባሕሩ የስሌት ባሕር ነው እንጂ የትካዜ አይደለም። በዐረብኛ በኩል የመጣው ሒሳብም የዚሁ ሥር ልጅ ነው። አማርኛው አሰበ ከቁጥሩ ይልቅ ወደ ልቡ አዘነበለ፤ ያም ሆኖ «ታስቦ ይከፈላል» ስንል፣ «የታሰበልህ ስንት ነው?» ብለን ስንጠይቅ አሮጌው ትርጉም ብቅ ይላል። ስለዚህ ለአንድ ሰው መታሰቢያ ማድረግ፣ በቃሉ አጥንት፣ ሒሳቡን መሥራት ነው። የሞታውን ሒሳብ ደግሞ ራሱ አከራካሪ ነበር። ቤሪ ጎርዲ ከቤተሰቡ የቁጠባ ማኅበር (እቁብ ብንለው ብዙ አንሳሳትም) 800 ዶላር ተበድሮ ሥራውን የጀመረው በጃንዋሪ 1959 ነው። በ1983 ማርች ታዲያ 24 ዓመት ከሁለት ወር እንጂ 25 አልሞላም። «25ኛው ዓመት እየሄደ ነው» ካልን ያስኬዳል፤ ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ግን ያለፈውንና የያዘውን ሳይለይ አይቆጥርም። በብድር የተጀመረ ቤት በአንድ ዓመት ቀድሞ መከበሩ አድናቂዎችን ሲያነታርክ መኖሩ አይገርምም።

የመታሰቢያ የሩቅ ዘመድ ዝክር ነው። ዘከረ በግዕዝ አስታወሰ ነው፤ በዕብራይስጥም በዐረብኛም ይኸው ሥር ከነትርጉሙ ይገኛል። ከእሱ ተዝካር ወጣ፣ የጻድቃን ዝክር ወጣ። ልብ በሉ፤ ሁለቱም እንጀራና ጠላ ያስፈልጋቸዋል። በኢትዮጵያ በባዶ እጅ ማስታወስ የለም፤ የዘከረ ያበላል። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. «ዝክረ ነገር» ብለው የሰየሙት ወፍራም መጽሐፍ ስሙን ብቻ ለሰማ የትዝታ መጽሐፍ ይመስላል። ሲገለጥ የርስትና የጉልት ሥርዓት፣ የግብሩ ዓይነትና መጠን፣ የመንግሥት ገቢና ወጪ ነው። ደራሲው ቃሉን በትክክለኛ ቦታው ነው ያዋሉት።

«ክብር»ም ከዚህ አያመልጥም። በግዕዝ ከብረ መከበርና ውድ መሆን ነው። አማርኛ ከበረ ሲል ግን ሀብታም ሆነ ማለቱም ነው፤ ባለጸጋውን ከበርቴ አለው፣ ዋጋው የማይቀመሰውን ድንጋይ የከበረ ድንጋይ አለው። በእንግሊዝኛ ሽልማት «ፕራይዝ» የሚባለው ከላቲኑ «ፕሬትዩም» መጥቶ ነው፤ ዋጋ ማለት ነው፤ ሱቅ ገብተን የምንጠይቀው «ፕራይስ» ወንድሙ ነው። የዘፋኟ የቤተሰብ ስምም ፕራይስ መሆኑ ግን አጋጣሚ ነው፤ ያ ከዌልስ የመጣ ስም ነው፣ «የሪስ ልጅ» ማለት። ሥርወ ቃል የሚወድ ሰው እንዲህ ያለ ግጥምጥሞሽ ሲያይ ምራቁን መዋጥ አለበት።

«አዋርድ» ትንሽ ይለያል። ከድሮው ፈረንሳይኛ የመጣ የችሎት ቃል ነው፤ መሠረቱ መመልከት፣ መመርመር ሲሆን በእንግሊዝ አገር የሽማግሌዎች ውሳኔ መጠሪያ ነበር፤ ለማን ምን ያህል ይከፈል የሚል ውሳኔ። የእኛ ዳኛ ደግሞ ከግዕዙ ደየነ፣ ፈረደ ከሚለው ነው፤ ደይን ፍርድ ነው። በዐረብኛ በእነዚሁ ፊደላት የሚጻፈው ደይን ዕዳ ነው። ፍርድና ዕዳ በአንድ ሥር ላይ መገናኘታቸው ለሴማውያን ቋንቋዎች እንግዳ ነገር አይደለም፤ ጥንት ሰው ዳኛ ፊት የሚቆመው በአብዛኛው ስለ ገንዘብ ነበርና። «ክርክር»ን ብንጠይቀው ከረከረ ላይ ያደርሰናል፣ እንጨት በመጋዝ እንደሚቆረጥ ወዲያና ወዲህ መሳብ። የፈረንጁ «ዲቤት» ደግሞ መደብደብ ካለበት የፈረንሳይኛ ግስ የመጣ ነው። የእኛው ቢያንስ እንጨቱን ቆርጦ ያበቃል።

ከዚህ ሁሉ መካከል ለሒሳብ እጁን ያልሰጠ የሚመስለው «ሽልማት» ነው። ሸለመ አስጌጠ ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ፣ በኢሳይያስ፣ ሽልማት የሙሽራ ጌጥ ነው። ነገሥታቱም ሸለሙ ሲባል ለምድ፣ ካባ፣ የብር ጋሻ፣ በቅሎ ከነመጣምሯ ሰጡ ማለት ነበር፤ ተሸላሚው ሽልማቱን ለብሶት ይወጣል፣ ሲሄድ አገር ያየዋል። ኒሻንም እንዲሁ ደረት ላይ የሚታይ ነው፤ ቃሉ ከፋርስ የመጣ ሲሆን ምልክት ማለት ነው። ዛሬ ግን ሽልማት መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ሐውልት ሆኗል። የኤሚው ሐውልት ክንፍ ያላት ሴት ናት፣ አቶም ከፍ አድርጋ የያዘች፤ ሉዊስ ማክማነስ የተባለ የቴሌቪዥን መሐንዲስ ሚስቱን ሞዴል አድርጎ የሠራት። ስሟም የመሐንዲሶች ስም ነው። መጀመሪያ «አይክ» ይባል ተብሎ ነበር፣ አይኮኖስኮፕ ከተባለው የካሜራ ቱቦ። አይክ ግን የጄኔራል አይዘንሃወር የቁልምጫ ስም ስለነበረ ቀረ። በምትኩ ኢሜጅ ኦርቲኮን የተባለውን አዲሱን ቱቦ መሐንዲሶቹ «ኢሚ» ብለው ያቆላምጡት ስለነበር እሱ ተወሰደ፤ ሐውልቷ ሴት ስለሆነችም የሴት ስም እንዲመስል ወደ «ኤሚ» ተለወጠ። የመጀመሪያው ሽልማት ጃንዋሪ 25 ቀን 1949 በሎስ አንጀለስ ሲሰጥ ከተሸላሚዎቹ አንዷ አሻንጉሊት የምታናግር ወጣት፣ ሸርሊ ዲንስዴል ነበረች። ኤሚ ስሟን ያገኘችበት ቱቦ ዛሬ ሙዚየም ገብቷል፤ ስሙ ብቻ በየዓመቱ ከመድረክ ይጠራል።

ሽልማት የሙሽራ ጌጥ ከሆነ «እጩ» ማን ነው? ከአጨ ነው፤ የግዕዙ ሐፀየ፣ ለጋብቻ ጠየቀ፣ ቃል አሰረ። እጮኛም ከዚያው ነው። እንግሊዝኛው «ኖሚኒ» ስሙ የተጠራ ከማለት አያልፍም፤ ስምህ ተጠራ፣ ሌላው ወሰደ፣ ቤትህ ግባ። በአማርኛ ግን የታጨ ሰው ቃል የተገባለት ነው። ታጭቶ የቀረ ማለት ምን ማለት እንደሆነ በየሰፈሩ የሚታወቅ ነገር ነው፤ ሽማግሌ ተልኳል፣ ዘመድ ሰምቷል፣ እህል ተፈጭቷል። በአማርኛ የሚያስብ የማይክል ወዳጅ ከዲትሮይቱ ይበልጥ ቢናደድ ቃሉ ይፈቅድለታል። ይህ ወዳጅ አፉን ሲከፍት የሚለው ደግሞ ያው «ይገባው ነበር» ነው። ይገባዋል ከመግባት ነው፤ የሚገባኝ ማለት ወደ እኔ ቤት መግባት ያለበት ማለት ነው፤ ሳይገባ ሲቀር ውጭ የቀረ ንብረት ይሆናል። የባለ ዕዳ ሳይሆን የአበዳሪ ሰዋስው ነው። ማይክል በፌብሩዋሪ 1984 በአንድ ምሽት 8 ግራሚ ሲወስድ «ተከፈለው» ያሉ ይኖራሉ፤ ግን የሰጡት ሌሎች ናቸው፣ የኤሚው መዝገብ አልተዘጋም።

የዋንጫ ነገር እዚህ ይግባ። ዋንጫ ከቀንድ የሚሠራ መጠጫ ነበር፤ ኦሮምኛውም ዋንጫ ይለዋል። ቅድም በግብር ቤት ጠጁ ሲዞርበት ያየነው ነው። ዛሬ ብረት ሆኖ ኳስ ሜዳ ወርዷል፤ ይሁን እንጂ የድግስ ትዝታው ከአፋችን አልወጣም፤ ቡድን ዋንጫ «በላ» እንላለን። የተጭበረበረውም «ተበላ» ይባላል። በአንድ ግስ አንዱ ጠገበ፣ ሌላው ተዘረፈ። የድሮውን አዳራሽ ለሚያስታውስ ይህ ግልጽ ነው፤ አንዱ ግብር የበላው ሌላው ስላገባ ነው።

ስለ ተከራካሪዎቹ ስምም ትንሽ ልበል። አድናቂ የዋህ ነው፤ ደነቀው፣ አደነቀ። ደጋፊ ደግሞ ዘንበል ያለን ነገር በትከሻው የያዘ ነው። የእንግሊዝኛው «ፋን» ከ«ፋናቲክ» ተቆርጦ የቀረ ሲሆን ሥሩ «ፋኑም» ቤተ መቅደስ ነው፤ የጣዖቱ መንፈስ የሰፈረበት ማለት ነበር። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ከጣልያንኛ የወሰድነው ቲፎዞ ነው። «ቲፎ» ታይፈስ ነው፣ እኛ ተስቦ የምንለው ትኩሳት፤ ከግሪኩ ጭስና መደንዘዝ ከሚለው ቃል የመጣ። ስለዚህ ቲፎዞ በተስቦ የሚቃዥ በሽተኛ ነው። የሚቃዥ ሰው ደግሞ ሒሳብ አያወራርድም፤ ጮኾ ይጠይቃል እንጂ። በዚህ ረገድ ቃላቱ ሁሉ የመዝገብ ቤት ሲሆኑ ተናጋሪው ብቻ የሆስፒታል ነው።

የአገራችን የፊልም ሽልማት «ጉማ» ይባላል። ስሙን ያገኘው ሚሼል ፓፓታኪስ በ1960ዎቹ አጋማሽ፣ በእኛው አቆጣጠር፣ ካዘጋጀው ፊልም ነው። ጉማ በኦሮምኛ የደም ካሳ ነው፤ ገዳይ ወገን ለሟች ወገን ከፍሎ ቂም የሚሽርበት ሥርዓት። ስያሜውን ያወጡት ሰዎች ለቀደመው ፊልም ክብር መስጠታቸው ነበር፤ ቃሉ ግን ከትሪቢዩት፣ ከፕራይዝና ከግብር ጎራ መሆኑ ሳይታወቅ የተገኘ ትክክለኛነት ነው። ከዚህ ጎራ ወጣ ያለው «ለዛ» ነው፣ አድማጮች የሚመርጡበት የሬዲዮ ሽልማት። ለዛ የወግና የዜማ ጣዕም ነው፤ ሰው አለው ወይም የለውም፣ አይበደሩትም፣ አይገብሩትም። አሸናፊው የሚለየው ግን በድምፅ ነው፤ ድምፅ ደግሞ በግዕዙ የሚሰማ ነገር ብቻ ነበር፣ የዘፋኙ ጉሮሮ፣ የከበሮው ምት። ዛሬ ድምፃዊው ድምፁን ያሰማል፣ አድማጩ ድምፁን ይሰጠዋል፣ ከዚያም አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ይቆጥራል።